የማን ጉልበት

ሰልፉ ላይ ከፊቷ የቆሙት ሁለት ሴቶች የአንድ ሰው ነገር አሳዝኗቸው ከንፈር ይመጥጣሉ። «ያ ረጅሙ፣ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰው፣ እዚያ ዝርዝሩ ጋ የቆመው» አለች አንደኛዋ በአገጯ እያመለከተች፤ «አረጋገጡን አየሽው? ግራ እግሩን እንደ እንቁላል እያባበለ ነው የሚያስቀምጣት። አሁን ሲያነብ ሰማሁት፤ አራተኛ ፎቅ ነው የደረሰው። ያ ጡሩምባ ነፊ ደግሞ፣ ሁለት እግሩ እንደ ምሰሶ የተተከለው፣ ምድር ቤት ተሰጠው። ፍርድ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።» ሁለተኛዋ ነገሩን አገላብጣ አየችውና፣ ሰውየው ፎርሙ ላይ ጉዳት የለኝም ብሎ መሆን አለበት አለች፤ ወንድ ልጅ አነክሳለሁ ከሚል ቢወድቅ ይመርጣል፣ እሱስ የሥራውን አገኘ፣ የሚያሳዝነው የሚስቱ ነገር ነው። ከኋላቸው ያለችውም ሴት ሳትጠየቅ «ውይ፣ ምስኪን» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ምስኪኗ የማን ሚስት እንደሆነች ለማየት አንገቷን ሰገግ አደረገች። ካፖርቱን ወዲያው አወቀችው። የላላ ቁልፉን ትናንት ያጠበቀችው ራሷ ነበረች።

ይህች ሴት በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። የሆቴሉ ሊፍት ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት ስለሚበዛ፣ የታጠበውን አንሶላ በቅርጫት ተሸክማ በጓሮው ደረጃ እስከ ጣሪያው ማስጫ ድረስ የምትወጣው እሷ ናት። ባልደረቦቿ የእናት አባቷን ስም ከረሱት ቆይተዋል፤ «ሊፍት» ነው የሚሏት። ሌላው ሊፍት ተበላሽቶ እንግዳ ሲቆጣ፣ የእኛዋ አልተበላሸች ምን ጨነቀን ይላሉ። ስለዚህ ለራሷ ቢሆን አራት ፎቅ የቁርስ ያህል ነው። ጉዳዩ ሃምሳ አለቃ ነው። ባሏን እቤትም ቢሆን «ሃምሳ አለቃ» ነው የምትለው፤ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት ቢሞላውም ማዕረጉን ገና አልገፈፈችውም። የሃምሳ አለቃ ግራ ጉልበት ከስድስት ዓመት በፊት ከአንድ ግዳጅ ሲመለስ ውስጡ ብረት ይዞ ነው የመጣው። የመስክ ሐኪሙ አጥቦ ሰፍቶ «ድኗል» ብሎ ሰደደው፤ ሃምሳ አለቃም ለሚስቱ «ትንሽ ጭሮኝ ነው» አላት፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ በእነሱ ቤት ያንን ጉልበት ማንሳት የታሰረ ዘመድ ስም እንደማንሳት ሆነ። እሱ ጧት ከአልጋ ሲወርድ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ እሱም መዞሯን ያያል፤ አያነሱትም።

ሰልፉ ቀስ እያለ ሲሄድ እሷ ንዴቷን በሥርዓት ታደራጅ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የትዳር ዘመናቸውን በአሥራ አንድ የኪራይ ቤት ነው የጨረሱት፤ ባል በተዛወረ ቁጥር እሷ ጓዝ ጠቅልላ። አንዷ አከራይ ምስማር አይመታብኝም ትላለች፣ ሌላዋ ከራት በኋላ መብራት አይበራብኝም፣ ሦስተኛዋ ውሃ ሲቀዳ ባልዲ ትቆጥራለች። ልጃቸው ከመናገር በፊት ማንሾካሾክ ነው የተማረችው፤ አሁን ሌላ ከተማ ኮሌጅ ገብታ እንኳ ስልክ ስትደውል ድምፅዋ አይሰማም። እና ይህ ሁሉ ታልፎ፣ ለሠራዊት ቤተሰብ በዝቅተኛ ዋጋ ቤት ይሠራል ተብሎ፣ ተመዝግበው፣ ከደመወዝ እያስቆረጡ ጠብቀው፣ ለተጎዳ ሰው ምድር ቤት እየተሰጠ፣ ይሄ ሰውዬ ለኩራቱ ብሎ ሰማይ ላይ ሊሰቅላት! የጽሕፈት ቤቱ መስኮት ጋ ስትደርስ ሃምሳ አለቃ መጥቶ ከጎኗ ቆመ፤ ቀጥ ብሎ። ጸሐፊዋ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቀጭን ሴት፣ አስፈርማ ቁልፉን ሰጠችው። ከጸሐፊዋ ራስ በላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በፎርሙ ላይ ሐሰተኛ መረጃ የሰጠ አባል ቤቱን ይነጠቃል ይላል። ሊፍት አነበበችውና ምላሷን ነከሰች። ሰው ፊት የምትናገረው ነገር አልነበረም።

ሕንፃው ከጽሕፈት ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ገና ቀለሙ ያልደረቀ፣ ግቢው ውስጥ የአሸዋ ክምር ያልተነሳለት። ደረጃውን ሲጀምሩ እሷ ሆን ብላ ከኋላ ሆነች። የመጀመሪያው ፎቅ ላይ ሃምሳ አለቃ ቆመና ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ሲሚንቶው አልተሰረቀም፣ ጥሩ ሥራ ነው አለ። እሷም ጥሩ ነው አለች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ወደ ውጭ አየና ከዚህ ላይ መንገዱ በሙሉ እንደሚታይ፣ ማንም ሳይታይ ሊገባ እንደማይችል አስረዳት፤ ማን ሊመጣባቸው እንደሆነ ግን አልተናገረም። ማስረዳቱ ረዘም አለ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ጫማው ክር የለውም። እሷ ጣሪያውን ስትመረምር ቆየች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የሃምሳ አለቃ እውነት ግን በየፎቁ ነበር የሚጠራው። የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ ወጣቸው፤ ልክ እንዳለቀለትም እጁን ለቆ ኮሌታውን አስተካከለና ቁልፉን በክብር ሰጣት። «ክፈቺ፤ ቤትሽ ነው» አላት።

ከፈተች። ሁለት ክፍል፣ አንዲት ወጥ ቤት፣ የፍራሽ ስፋት ያላት በረንዳ። ቤቱ ቀለምና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ቧንቧው ሲከፈት ሳል ብቻ ነው ያለው፤ ውሃው ገና አልተለቀቀም። መስኮቱ ጥግ ላይ ቀለም ቀቢው ጣቱን የጠረገበት ነጭ አሻራ አለ። ሊፍት ከክፍል ክፍል ዞረች፤ በሩን ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ ደግማ ዘጋችው፤ እንዲህ በሩን ስታንጓጓ «ኧረ ቀስ!» የሚል ሰው አልመጣም። በረንዳው ላይ ወጥታ ንፋሱ ፊቷን ሲመታት ወዲያው ያሰበችው አንሶላ ነበር፤ የራሷን አንሶላ፣ በራሷ ገመድ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ይደርቃል። ቤቱን ወደደችው፤ ያናደዳትም ይኸው ነው፤ ባትወደው ይቀላት ነበር። ተመልሳ ስትገባ ሃምሳ አለቃ ወጥ ቤቱ ውስጥ የሳህን ማጠቢያውን ተደግፎ፣ ለጉብኝት እንደመጣ አዛዥ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ግንባሩ ላይ ላብ አለ። ሁለቱም ላቡን እንዳላዩ ሆኑ። ከታች የሕፃናት ድምፅ፣ የሆነ ሰው ቁም ሣጥን ሲጎትት ይሰማል።

«ፎርሙ ላይ ምን ብለህ ነው የሞላኸው?» አለችው በመጨረሻ።

የቱን ፎርም ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ማጠቢያውን እያየ፣ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው በአንድ ድምፅ ነገራት። «ጉዳት አለኝ ብዬ ብጽፍ የሐኪሞች ቦርድ ያቀርቡኛል። ቦርድ ካቀረቡኝ ያሰናብቱኛል። ያኔ ካገለገልኩ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ቤቱ ደግሞ ሃያ ዓመት ላገለገለ ነው። የጎደለኝ ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመትማ በአንድ እግርም ይቆማል ብዬ ተውኩት።» ሁለቱን ዓመት አራት አድርጎ ነበር የቆመው፤ ያንን አልጨመረም፤ እሷ ናት በልቧ የቆጠረችው። የዘብ ምሽቶቹን፣ የጧት ሩጫውን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እቤት ሲመጣ «ደክሞኛል» ብሎ ልብሱን እንደለበሰ የሚተኛበትን ቆጠረች። ከምድር ቤት ጀምራ ፎቅ በፎቅ ስታጠራቅመው የመጣችው ስለ ኩራት የተዘጋጀ ተግሣጽ ነበራት፤ ጥሩ ተግሣጽ ነበር፤ የምትጥልበት ቦታ አጣች።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ዝም ትያለሽ?»

እውነቱን ነው፤ ዝም አትልም። ብርጌዱ ቢሮ ድረስ ሄዳ አዛዡን ታስቆመው ነበር። አሁን ሄደው እንዲህ ነው እንዳይሉ ማስታወቂያው እዚያው ተለጥፏል፤ ቤቱን ያመጣላቸው ውሸት ነው፣ ውሸቱን ቢያነሱት ቤቱም አብሮ ይነሳል። ሃምሳ አለቃ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና «ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ለካ ስለ እኛ ነው» አለ። ላትስቅ ብትታገልም አመለጣት።

መውረዱ ከመውጣቱ ባሰ። ሽቅብ ሲሆን ግድግዳም መስኮትም የሚደነቅ ነገር አለ፤ ቁልቁል ሲሆን ምክንያት ያልቃል፤ ሰውየው ጎኑን ሰጥቶ፣ አንድ እግር አስቀድሞ ሌላውን እያስከተለ፣ እንደ ሸርጣን ወረደ። ግቢው ውስጥ ያለችው አጭር የግንብ አጥር ላይ «እስቲ አካባቢውን ልየው» ብሎ ሲቀመጥ እሷም ዝም አለችው። ያኔ ነው የምድር ቤቱ በር ላይ፣ የጡሩምባ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ በሐዘን የተቀመጠውን ሽማግሌ ያየችው። የሠራዊቱ ማርሽ ባንድ ጡሩምባ ነፊ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት ከከበሮው ፊት ቆሞ ጆሮው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ ስለዚህም ዓለም ሁሉ እንደሱ የማይሰማ ይመስለዋል፣ ድምፁ ግቢ ይሞላል። ችግሩን ለመጠየቅ አላስፈለገም፤ ለጠቅላላው ሕንፃ ይናገር ነበር። ፎርሙ ላይ በታማኝነት «ጆሮዬ ተጎድቷል» ብሎ ሞላ፤ ጉዳተኛ ነህ ብለው ምድር ቤት ሰጡት። «ጆሮ ደረጃ ይወጣል እንዴ?» ይላል። መንገደኛው ሁሉ በመስኮት እያየው ሊኖር ነው፤ ገና አንዴ ለሙከራ ሲነፋ አራት ጎረቤት መስኮቱን ዘጋበት፤ እሱ የሚፈልገው አናት ላይ ወጥቶ ለሰማይ መንፋት ነው።

ሊፍት ልቧ ዘለለ። ጎንበስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ለምን አንቀያየርም?» አለችው።

«ተቀያየማችሁ? ከማን ጋር?»

«አይ፣ ቤት እንቀያየር። እኛ አራተኛ ፎቅ ነው የደረሰን።»

አራተኛ ፎቅ የሚለውን ያለ ችግር ሰማው። ሰው ሲፈልግ ይሰማል። ሣጥኑን አቅፎ ብድግ አለና ወዲያው ደግሞ ተጠራጠረ፤ ጤነኛ ሰው አናት ላይ ያለ ቤት ለምን ይለቃል? ያፈሳል እንዴ? እሷ ወደ ጆሮው ይበልጥ ተጠግታ፣ አያፈስም፣ የባለቤቴ ጉልበት ነው፣ ብላ አንሾካሾከች። ጡሩምባ ነፊው ሃያ ስድስት ዓመት በሰልፍ ሜዳ በሠለጠነ ሳንባው «የባልሽ ጉልበት ምን ሆነ?» አለ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ መስኮት ተከፈተ። ከአሸዋው ክምር አጠገብ የቁልፍ ርክክብ የሚመዘግበው የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ ደብተሩን ይዞ ዞር አለ። ሃምሳ አለቃ አጥሩ ላይ እንደተቀመጠ ደነዘዘ። ሊፍት ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ «የኔ ጉልበት!» ብላ እሷም እንደሱ ጮኸች፤ «የኔ ነው ያልኩት ጋሼ፣ የኔ። ደረጃ አልችልም።» እና ለማስረጃ ያህል ቀኝ ጉልበቷን ያዘች። አሥራ አራት ዓመት እርጥብ አንሶላ ጣሪያ ላይ ያወጣ ጉልበት ነው፤ እንዲህ ያለ ስድብ ገጥሞት አያውቅም። ወሬው ሆቴል ቢደርስ የልብስ ክፍሏ ኃላፊ ምን እንደምትል አሰበች፤ ግን አንዴ ከአፍ ወጥቷል። ሃምሳ አለቃ ከአጥሩ ላይ ተነስቶ ሊናገር አፉን ከፈተ። አየችው። ሃያ ሁለት ዓመት ትእዛዝ ሲቀበል የኖረ ሰው አይደል፣ አፉን ዘጋ።

ጽሕፈት ቤቱ ሊዘጋ ሲል ሦስቱም ደረሱ። ሰልፉ ተበትኗል፤ ጸሐፊዋ ብቻ ወረቀቷን እየሰበሰበች ነው። የቤት መለዋወጫ ፎርም አወጣችላቸው፤ ከሁለቱም ወገን ፊርማና ምክንያት ያስፈልጋል። ጡሩምባ ነፊው «ከፍታ ለሙዚቃ» ብለሽ ጻፊ አለ፤ ጸሐፊዋ «የግል ጉዳይ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወደነሱ ዞረች። ሊፍት ከበሩ እስከ ወንበሩ በጥንቃቄ እያነከሰች ነበር የገባችው፤ አሁን ተቀምጣ እግሯን ዘርግታለች።

«የትኛው ጉልበትዎ ነው?» አለች ጸሐፊዋ።

«ግራው።»

«ሲገቡ ቀኙን ነበር የሚጎትቱት።»

«ይፈራረቃሉ» አለች ሊፍት።

ጸሐፊዋ መነጽሯን አደረገች። መጀመሪያ የሊፍትን ጉልበት አየች፤ ከዚያ ሃምሳ አለቃን። ሃምሳ አለቃ ወንበር ሲቀርብለት አልቀመጥም ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር፤ ግራ እግሩን ትንሽ ከመሬት አንስቶ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ ከፊቱ ያለውን ማስታወቂያ ደጋግሞ ያነብ ነበር። ጡሩምባ ነፊው ብቻ ምንም ስላልሰማ ለራሱ አንድ ማርሽ ያንጎራጉር ነበር። ሊፍት ቤቱን፣ ሁለቱንም ቤት፣ አራተኛውንም ምድሩንም፣ ከእጇ ሲወጡ በዓይኗ አየቻቸው፤ አሥራ ሁለተኛዋን አከራይ ባልዲ ስትቆጥር አየቻት። ጸሐፊዋ ግን እስክሪብቶዋን አንስታ፣ «ምክንያት» ከሚለው ጎን፣ የባለቤት ጤና ብላ ጻፈች። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታች። ወረቀቱን ስትሰጣት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አባቴም ሃምሳ አለቃ ነበር» አለች። «የሚያመው ግን የእናቴ ጉልበት ነበር።»

ከዚያ መሳቢያዋን ቆልፋ ቦርሳዋን አነሳች። ሊፍትም እስከ በሩ ድረስ ማነከሷን ረስታ ወጣች፤ ደጅ ላይ ትዝ ሲላት ሃምሳ አለቃ ክንዷን ያዘ። ሰው ቢያይ ባል የታመመች ሚስቱን ደግፏል። ማን ማንን እንደደገፈ የሚያውቀው ክብደቱን የተሸከመው ክንድ ብቻ ነበር። እንዲህ ተያይዘው፣ አዲሱ ቤታቸው እስኪደርሱ መንገዱን ሙሉ ሄዱ፤ ከቶ ይህን ያህል ተጠጋግተው በአደባባይ ተራምደው አያውቁም።

የምድር ቤቱ ክፍሎች ከላይኛው ጋር አንድ ናቸው፤ በረንዳው ብቻ ነው የጎደለው፣ ብርሃኑም በግማሽ ነው የሚገባው። አንሶላዋ እዚህ ቀን ሙሉ ቢሰጣም አይደርቅም። ሊፍት ይህን አይታ ዋጠችው። ጡሩምባ ነፊው ሣጥኑን ይዞ ሽቅብ ወጣ፤ እግሩ እያንዳንዱን ደረጃ ሲረግጥ፣ ሲያፏጭ፣ ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ተሰማቸው፤ ከቆይታ በኋላ ከአናት ላይ አንድ ረጅም ኖታ ለቀቀ፤ ቀጥሎም የመስኮቶች መዘጋት። ሃምሳ አለቃ ባዶው ክፍል መሃል ትንሽ ቆመ። አሁን የሚያደንቀው ግድግዳ፣ የሚያስረው የጫማ ክር አልፈለገም። ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቀስ ብሎ ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ፊት ለፊቷ ዘረጋው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም።

«ያማል» አለ።

ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነው፤ ሲመጣ እንዲህ አጭር ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር። ከጎኑ ተቀመጠችና እጇን ጉልበቱ ላይ አደረገች፤ በሱሪው ላይ እንኳ ያቃጥላል።

«አውቃለሁ» አለችው፤ «የኔ አይደል?»

ሃምሳ አለቃ ሳቁን ሊይዘው ቢሞክርም አልተያዘለትም፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ዓይኑንም በካፖርቱ እጅጌ ጠረገ፤ ከሳቁ ነው ብሎ። አንድ መንገደኛ የሳቁን ድምፅ ሰምቶ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየና አንገቱን አስግጎ ቆመ። ሊፍት ተነሳች፤ የአንገት ልብሷን ፈታ መስኮቱ ላይ ዘረጋችው፤ ሁለት ጫፎቹን በመስኮቱ ብረት ቋጠረችና ተመልሳ መጥታ ተቀመጠች።